የወንጀለኛ ፕሮፋይሊንግና እውነተኛ የወንጀል ታሪኮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወንጀለኛ ፕሮፋይሊንግ ምንድን ነው?

ማንነቱ ያልታወቀ ወንጀለኛ በወንጀሉ ቦታ ካደረገው ነገር ተነሥቶ ምን ዓይነት ሰው ሊሆን እንደሚችል መገመት ነው። ዕድሜው በስንትና በስንት መካከል ይሆናል? ተጎጂውን ያውቀው ነበር? የሚኖረው የት አካባቢ ነው? ከዚህ በፊት በምን ወንጀል ተይዞ ሊሆን ይችላል? ባለሙያው እነዚህን ለመሳሰሉ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። መርማሪዎች ያንን ይዘው ከረጅም የተጠርጣሪ ዝርዝር ውስጥ የትኛውን አስቀድመው እንደሚያጣሩ ይወስናሉ።

አሻራና ዲ.ኤን.ኤ. አንድን የተወሰነ ሰው ከቦታው ጋር ያገናኛሉ። ፕሮፋይል ግን «እንዲህ ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም» ከማለት አያልፍም። ከዚህ በታች ለሚነሡት ክርክሮች ሁሉ መነሻቸው ይኸው ልዩነት ነው።

የወንጀል ታሪክ መከታተል እወዳለሁ፤ ይህ ጤናማ ነው?

በጣም የተለመደ ነው። በ2010 ቪካሪና ፍሬሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት እውነተኛ የወንጀል መጻሕፍትን ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እንደሚመርጡ አሳይተዋል፤ በተለይ ደግሞ ተጎጂዋ እንዴት እንዳመለጠች ወይም ገዳዩ ለምን እንዳደረገው የሚያስረዳ መጽሐፍ ይስባቸዋል። ጥናቱ እንደሚለው አንባቢዎቹ የሚፈልጉት አደጋን ቀድሞ ለማወቅና ለማምለጥ የሚረዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ክፉ ነገር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ መፈለግ ከሰው ተፈጥሮ የወጣ ነገር አይደለም።

ልብ ሊባል የሚገባው መጠኑና ውጤቱ ነው። እንቅልፍ ከነሣችሁ፣ ቤት ውስጥ ብቻችሁን መሆን ካስፈራችሁ፣ የማታውቁት ሰው ሁሉ ገዳይ መምሰል ከጀመረ ለተወሰነ ጊዜ ተዉት። ለማመዛዘን ያህል፣ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) በአሜሪካ ከሚፈጸሙ ግድያዎች ውስጥ የተከታታይ ገዳዮች፣ ማለትም በተለያየ ጊዜ ደጋግመው ሰው የሚገድሉ ሰዎች፣ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች እንደሆነ ይገምታል። ታሪካቸው በብዛት ስለሚተረክ ብቻ በብዛት ያሉ ይመስለናል።

መቼና በማን ተጀመረ?

ከመጀመሪያዎቹ መካከል የሚጠቀሰው የለንደኑ የፖሊስ ሐኪም ቶማስ ቦንድ ነው። በኅዳር 1888 በኋይትቻፕል የተገደለችውን የሜሪ ኬሊን አስከሬን ከመረመረ በኋላ፣ ቀደም ብለው ስለተገደሉት አራት ሴቶች የተያዙትን ማስታወሻዎችም አይቶ ስለ ገዳዩ ጻፈ፦ ጉልበተኛ፣ ደፋር፣ ሲያዩት ግን ዝምተኛና ምንም የማይጎዳ የሚመስል፣ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ የሚገኝ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ካባ ወይም ካፖርት የሚያዘወትር ሰው። የአካል ብልቶችን በሚመለከት የሐኪም ቀርቶ የሥጋ ቆራጭ ያህል እንኳ ዕውቀት የለውም አለ። ገዳዩ እስከ ዛሬ ስላልታወቀ ቦንድ ይሳት አይሳት ማረጋገጥ አይቻልም።

ሙያው ተቋም ያገኘው ኤፍ.ቢ.አይ. በ1972 በኳንቲኮ የባሕርይ ሳይንስ ክፍል ሲያቋቁም ነው። ሃዋርድ ቴተንና ፓትሪክ ሙላኒ ማስተማር ጀመሩ። ቀጥሎ ሮበርት ሬስለርና ጆን ዳግላስ በየእስር ቤቱ እየዞሩ፣ ከነርሷ ተመራማሪ አን በርጀስ ጋር እየሠሩ፣ በ36 ወሲባዊ ነፍሰ ገዳዮች ላይ ጥናት አካሄዱ። በብሪታንያ ደግሞ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰሩ ዴቪድ ካንተር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስታቲስቲክስ ላይ የተመሠረተ ሌላ መንገድ ተከተለ።

ባለሙያው ምን ይዞ ይጀምራል? ሥራውስ እንዴት ይሄዳል?

በኤፍ.ቢ.አይ. አሠራር መጀመሪያ የሚሰበሰቡት የወንጀሉ ቦታ ፎቶዎችና ንድፍ፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የምስክሮች ቃል፣ የአካባቢው ካርታና ስለ ተጎጂው የሚቻለው ያህል ዝርዝር መረጃ ናቸው። ሆን ተብሎ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፖሊስ የሚጠረጥራቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ስም አስቀድሞ ያየ ሰው ሳያውቀው መግለጫውን ለዚያ ሰው ልክ ይሰፋዋል።

ቀጥሎ መረጃው በየዓይነቱ ይደረደራል፤ ግድያው አንድ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር የተያያዘ፣ ተጎጂው ለአደጋ ምን ያህል የተጋለጠ ነበር፣ ገዳዩስ ለመያዝ ምን ያህል ራሱን አጋልጧል። ከዚያ የድርጊቱ ቅደም ተከተል እንደገና ይገነባል። መሣሪያውን ይዞ ነው የመጣው ወይስ እዚያው ያገኘውን ነው ያነሣው? አስከሬኑ ተንቀሳቅሷል? ስርቆት ለማስመሰል የተበታተነ ዕቃ አለ? መግለጫው የሚጻፈው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አዲስ ማስረጃ ከመግለጫው ጋር ከተጋጨ መግለጫው እንደገና ይታያል፤ ቢያንስ ሊታይ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ስለ ተጎጂው የሚደረገው ጥናት ነው። የመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት እንዴት እንዳለፉ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትመላለስ፣ በር የምትከፍተው ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ገዳዩ የሚነገረው ነገር አየር ላይ ይንሳፈፋል። ጥሩ የወንጀል ታሪክ ከመጥፎው የሚለየውም በዚህ ነው፤ ሟቿን በስሟና በሕይወቷ የማያውቃት ትረካ ገዳዩንም አያውቀውም።

የአፈጻጸም ስልትና የወንጀለኛ መለያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የአፈጻጸም ስልት ወንጀሉን ለመፈጸም፣ ላለመታወቅና ለማምለጥ የሚያስፈልገው ነው፤ ጓንት ማድረግ፣ በመስኮት መግባት፣ የስልክ ገመድ መቁረጥ። ወንጀለኛው ልምድ ባካበተ ቁጥር ይለዋወጣል። ባለፈው ጊዜ ውሻ ጮኾበት የነበረ ሌባ በሚቀጥለው ውሻ የሌለበት ቤት ይመርጣል። መለያ የሚባለው ግን ለወንጀሉ መፈጸም ምንም የማይጠቅም፣ ወንጀለኛው ለውስጡ ፍላጎት ብሎ የሚጨምረው ድርጊት ነው፤ ለምሳሌ አስከሬኑን በተወሰነ አኳኋን ማስቀመጥ።

በተግባር ሁለቱን መለየት ከሚነገረው በላይ ይከብዳል። የተጎጂዋን ፊት መሸፈን የጸጸት ምልክት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ደም ላለማየት ወይም እንዳታየው ብቻ ተሸፍኖም ሊሆን ይችላል። አንድ ድርጊት አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለው አድርጎ የሚነግራችሁን ተራኪ በጥንቃቄ ስሙት።

ገዳዮች «የተደራጀ» እና «ያልተደራጀ» ተብለው መከፈላቸው ትክክል ነው?

ክፍፍሉ የመጣው ከኤፍ.ቢ.አይ. ነው። የተደራጀው አቅዶ የሚመጣ፣ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ይዞ የሚሄድ፣ ሥራና ትዳር ያለው ነው ይባላል፤ ያልተደራጀው በድንገት የሚያጠቃ፣ ማስረጃ ጥሎ የሚሄድ፣ ብቸኛ። ለማስታወስ ቀላል ስለሆነ በየታሪኩ ይደጋገማል።

መሠረቱ ግን ጠባብ ነው። የተጠኑት 36ቱ የተያዙና ለመናገር የፈቀዱ እስረኞች ናቸው፤ ያልተያዘውንና ያልፈቀደውን አይወክሉም፤ ብዙ እስረኛም ስለ ራሱ ይዋሻል። በ2004 ካንተርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የተፈጸሙ 100 የተከታታይ ገዳዮች ግድያዎችን ወስደው 39 ድርጊቶች አብረው ይከሰቱ እንደሆነ መረመሩ። ሁለት የተለያዩ ወገኖች አላገኙም። የ«መደራጀት» ምልክቶች በአብዛኞቹ ግድያዎች ውስጥ የሚታዩ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ በፊት በ2002 ሞክሮስና አሊሰን የበለጠ ጥልቅ የሆነ ጥያቄ አንሥተው ነበር፦ ወንጀላቸው የሚመሳሰል ሰዎች እነሱስ ይመሳሰላሉ? የማያውቋቸውን ሴቶች የደፈሩ 100 ብሪታንያውያን ወንዶችን መዝገብ ሲያነጻጽሩ በዕድሜም፣ በሥራም፣ በቀድሞ የወንጀል መዝገብም ዝምድና አላገኙም። ይህ ለሙያው ከባድ ምት ነው፤ ከድርጊት ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ የተሠራው በዚህ እምነት ላይ ነበርና።

ሳይኮፓት የሆነ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው? የልጅነት «ሦስት ምልክቶች»ስ?

አይደለም። ሳይኮፓቲ ርኅራኄና ጸጸት የጎደለው ባሕርይ ነው፤ የሚለካውም ብዙ ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮበርት ሄር ባዘጋጀው ዝርዝር ነው፤ 20 ነጥቦች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፣ ከ40 ውስጥ 30ና ከዚያ በላይ ያመጣ በተለምዶ ሳይኮፓት ይባላል። ሠልጥኖ ቃለ መጠይቅ ያደረገና መዝገብ ያየ ባለሙያ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ከቪዲዮ ላይ ዓይን አይቶ መሙላት አይቻልም። ከሳይኮሲስ ጋርም አይምታታ፤ ሳይኮሲስ ከእውነታው ዓለም መለያየት ነው።

አልጋ ላይ መሽናት፣ እሳት መለኮስና እንስሳ ማሠቃየት የሚባሉት ሦስቱ ምልክቶች የመጡት ማክዶናልድ በ1963 ካሳተመው ጽሑፍ ነው። ያጠናቸው እገድላለሁ ብለው የዛቱ 100 ሕሙማንን ነበር። ገዳይን ቀድሞ ለመለየት እንደሚያገለግል በቂ ማስረጃ የለም፤ አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ያላችሁ ወላጆች በዚህ ምክንያት አትጨነቁ።

ካርታ ብቻ በማየት ወንጀለኛው የት እንደሚኖር ማወቅ ይቻላል?

ይህ የሙያው ጠንካራ ጎን ነው። መነሻው ሁለት ሐሳብ ነው። ሰው ከቤቱ በራቀ ቁጥር ወንጀል የመፈጸም ዕድሉ ይቀንሳል፤ እንዳይታወቅ ግን ደጁ ላይ ከመፈጸም ይቆጠባል። ካንተርና ላርኪን በ1993 የ45 ተከታታይ ደፋሪዎችን ካርታ ወስደው፣ እርስ በርስ በጣም የሚራራቁትን ሁለት የወንጀል ቦታዎች ዲያሜትር አድርገው ክብ ሲሠሩ፣ 39ኙ የሚኖሩት በክቡ ውስጥ ነበር። የቫንኩቨሩ የፖሊስ መኮንን ኪም ሮስሞ ደግሞ በ1995 በዶክትሬት ሥራው ይህንን ወደ ሒሳባዊ ቀመር አሳድጎ ለኮምፒውተር አመቻቸው።

እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ሁኔታዎች አሉ። ከአንድ ሰው ጋር የተያያዙ ቢያንስ አምስት ያህል ቦታዎች ይፈለጋሉ፤ ወንጀለኛው በመሃል ቤቱን አለመቀየሩ ያስፈልጋል፤ ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ የሚፈጽም ከሆነ ክቡ ባዶ ይሆናል። አንድ የሌላ ሰው ወንጀል በስህተት ከተቀላቀለበት ውጤቱ በሙሉ ይንሸራተታል። ሶፍትዌሩም ተአምር አይሠራም፦ በ2004 የታተመ የስኑክና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀላሉን ደንብ የተነገራቸው ተራ ሰዎች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚቀራረብ ግምት ሰጥተዋል።

ፕሮፋይል በእውነት ወንጀለኛ ያስይዛል?

አልፎ አልፎ ይረዳል፤ ብቻውን የሚያስይዘው ግን ከስንት አንዴ ነው። በ1995 በብሪታንያ ኮፕሰን ያካሄደው ጥናት ምክር የተሰጠባቸውን 184 ጉዳዮች ተመልክቶ ነበር። ከመርማሪዎቹ ከ80 በመቶ በላይ የሆኑት «ጠቅሞናል» አሉ፤ ወንጀለኛው እንዲለይ ያደረገው ግን በ2.7 በመቶ ብቻ ነው። ጥቅሙ በአብዛኛው መርማሪዎች ጉዳዩን በሌላ ዓይን እንዲያዩት ማድረጉ ነበር።

የሚጠቀሰው ትልቁ ስኬት በለንደን ሴቶችን ሲደፍርና ሲገድል የነበረው የጆን ዳፊ ጉዳይ ነው። በ1986 ፖሊስ ወደ 2,000 የሚጠጉ ተጠርጣሪዎች ነበሩት፤ ካንተር ከሰጣቸው 17 ነጥቦች 13ቱ ለዳፊ ልክ ሆኑ፤ ከእነሱም ዋናው የመኖሪያ ሰፈሩ ነበር። ያም ሆኖ ተባባሪው ዴቪድ ማልካሂ የተፈረደበት ገና በ2001 ነው።

ሌሎቹ ታዋቂ ገዳዮች እንዴት ተያዙ? ዴቪድ በርኮዊትዝ በ1977 ከእሳት አደጋ የውሃ ቧንቧ አጠገብ መኪና በማቆሙ በተጻፈበት የቅጣት ወረቀት። ፒተር ሳትክሊፍ በጥር 1981 በሼፊልድ በሐሰተኛ የመኪና ታርጋ። ዴኒስ ሬደር በ2005 ራሱ በላከው ፍሎፒ ዲስክ ውስጥ ተደብቆ በቀረው የቤተ ክርስቲያኑና የራሱ ስም። ጆሴፍ ዲአንጀሎ በ2018 ዘመዶቹ ለዘር ሐረግ ፍለጋ በሰጡት ዲ.ኤን.ኤ. የመዝገብና የተራ ፖሊሶች ሥራ በትረካ ውስጥ ያነሰ ቦታ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ይገባናል፤ ክብሩ ግን የእነሱ ነው።

ታዲያ ፕሮፋይሎች በኋላ ሲነበቡ ለምን ያን ያህል ልክ ይሆናሉ?

ሦስት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው፣ ሰፊ አነጋገር ለብዙ ሰው ይሆናል። በ1948 በርትራም ፎረር ለተማሪዎቹ ሁሉ ያንኑ አንድ የባሕርይ መግለጫ ለየብቻ እንደተጻፈላቸው አድርጎ ሰጣቸው፤ ተማሪዎቹ ከ5 በአማካይ 4.3 ያህል ነጥብ ሰጡት። አሊሰንና ባልደረቦቹ በ2003 ተመሳሳዩን በፖሊስ መኮንኖች ላይ ሞከሩ፤ አንድ ዓይነት ፕሮፋይል ሰጥተው ለግማሾቹ አንድ ወንጀለኛ፣ ለግማሾቹ ፈጽሞ የማይመሳሰል ሌላ ወንጀለኛ አሳዩአቸው። ሁለቱም ወገን በጥቅሉ ልክ ነው አሉ።

ሁለተኛው፣ የተሳተው ይረሳል። የኒው ዮርኩ ቦምብ አጥማጅ ጆርጅ ሜቴስኪ በጥር 1957 ሲያዝ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጄምስ ብራስል ባለ ሁለት ረድፍ አዝራር ኮቱን ሳይቀር ተንብዮ ነበር ይባላል። ሐኪሙ ሰውየው በዋይት ፕሌንስ ይኖራል ብሎም ነበር፤ የተገኘው ግን በዋተርበሪ ነው። ያስያዘውም ቀድሞ ይሠራበት በነበረው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ የቆዩ የካሳ ፋይሎችን ስታገላብጥ የነበረች ሠራተኛ ቦምብ አጥማጁ በላካቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ያሉትን ቃላት ማወቋ ነው።

ሦስተኛው የቁጥር ነገር ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት ከተማ «ወንድ፣ ከ25 እስከ 35፣ ያላገባ» ቢባል፣ ወንዶቹ 500,000፣ ከእነሱ አምስት አንዱ በዚያ ዕድሜ፣ ከዚያም ግማሹ ያላገባ ነው ብንል 50,000 ሰው ይቀራል። ግምቱ ልክ ሆኖም ለመርማሪው ምንም ያህል አልጠቀመውም። ስለዚህ ፕሮፋይል ስታነቡ መቼ ተጻፈ፣ ሙሉ ጽሑፉ አለ ወይ፣ ስንት ነጥብ ተሳተ፣ ስንት ሰው ያስቀራል ብላችሁ ጠይቁ።

ሲሳሳት ምን ይከተላል?

ንጹሕ ሰው ይታሰራል፤ እውነተኛው ገዳይ ነፃ ይሄዳል። ሬቸል ኒኬል በሐምሌ 1992 በዊምብልደን ሜዳ ትንሽ ልጇ አጠገብ ተገደለች። ፖሊስ ፕሮፋይሉ ከኮሊን ስታግ ጋር ይገጥማል ብሎ አንዲት መኮንን ፍቅረኛ መስላ ለወራት እንድትቀርበው አደረገ፤ ወንጀሉን ግን አላመነም። በመስከረም 1994 ዳኛው በዚህ መንገድ የተገኘውን ማስረጃ አልቀበልም ስላሉ ክሱ ፈረሰ። በዲ.ኤን.ኤ. የተደረሰበት ሮበርት ናፐር ጥፋቱን ያመነው በ2008 ነው። በመካከሉ፣ በኅዳር 1993፣ ሌላ እናትና የአራት ዓመት ልጇን ገድሏል። ስታግ 706,000 ፓውንድ ካሳ ተከፈለው፤ ከሁለቱ ሟቾች ጋር የሚመዛዘን ገንዘብ ግን የለም።

በዮርክሸር ደግሞ ፒተር ሳትክሊፍ ገና ሳይያዝ ሴቶችን እየገደለ ሳለ፣ በ1979 «ገዳዩ ነኝ» የሚል የድምፅ ቅጂ ለፖሊስ ደረሰ። የቋንቋ ሊቃውንት የተናጋሪውን አነጋገር ከሰንደርላንድ ነው ብለው ለዩ፤ ልክም ነበሩ። ስህተቱ ተናጋሪው ገዳዩ ላይሆን እንደሚችል ፖሊስ አለመጠርጠሩ ነው። በጠቅላላው ዘጠኝ ጊዜ የተጠየቀው ሳትክሊፍ አነጋገሩ የተለየ በመሆኑ ከጥርጣሬ ወጣ፤ ከቅጂው በኋላ ሦስት ሴቶች ተገደሉ። ዋሽቶ ድምፁን የላከው ሰው በ2006 ተፈረደበት።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ። ግምት ሰውን ለማስቀደም መዋል ሲገባው ሰውን ለማስወጣት ወይም ማስረጃን ለመፈብረክ ዋለ።

አንድን ጉዳይ ራሴ በቁም ነገር ማጥናት ብፈልግ እንዴት ልጀምር?

ፍርድ ያገኘ ጉዳይ ምረጡ፤ መልሱ ስላለ ግምታችሁን ትፈትኑበታላችሁ። ከትረካው በፊት የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አንብቡ። ከዚያ የጊዜ ሰሌዳ አውጡና እያንዳንዱን መስመር በሦስት ቀለም ለዩ፦ መሣሪያ የመዘገበው፣ ሰው የተናገረው፣ ተራኪው የገመተው። ብዙውን ጊዜ ታሪኩን የሚያያይዙት ወሳኝ መስመሮች የሦስተኛው ቀለም ሆነው ይገኛሉ።

መሣሪያ የመዘገበውም ቢሆን ይሳሳታል። የካሜራ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ የሄደ ሊሆን ስለሚችል ከትክክለኛ ሰዓት ጋር መመሳከሩን አረጋግጡ። የስልክ ማማ መረጃ የሚያሳየው ስልኩ ያለበትን ነጥብ ሳይሆን ማማው የሚሸፍነውን አካባቢ ነው፤ ከከተማ ውጭ ይህ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። «ከሌሊቱ 8፡20 ሞተች» ሲባልም ተጠራጠሩ። የሰውነት ሙቀት በሰዓት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይወርዳል የሚባለው ሻካራ ግምት ነው፤ ልብስ፣ ውፍረት፣ ነፋስና ውሃ ይለውጡታል። የአስከሬን መድረቅ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጀምሮ በ12 ሰዓት አካባቢ ይጠናቀቃል፤ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፈጥነዋል። ሐቀኛ ሐኪም የሞት ጊዜን ከዚህ እስከዚህ ብሎ ነው የሚናገረው።

ባልተፈታ ጉዳይ ላይ ተጠርጣሪ ያገኘሁ ቢመስለኝስ?

ስሙን የትም አትጻፉ። በሚያዝያ 2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ ሰዎች በኢንተርኔት ፎቶ እያገላበጡ አንድ የጠፋ ተማሪን ወነጀሉ። ልጁ ከፍንዳታው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ተገኘ። ቤተሰቡ ልጁን እየፈለገ ሳለ ስድብና ዛቻ ጎረፈበት። ጥርጣሬያችሁ ልክ ቢሆን እንኳ ይፋ መውጣቱ ሰውየውን ማስረጃ እንዲያጠፋ ያነቃዋል፤ ምስክሮችም ያነበቡትን ካዩት ጋር ያቀላቅሉታል፤ ተከላካይ ጠበቃም ይህንኑ በችሎት ያነሣዋል።

ጉዳዩን ለያዘው ፖሊስ በጽሑፍ አሳውቁ። ምን እንዳያችሁ፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንዳወቃችሁ ለየብቻ አስፍሩ፤ ያያችሁትንና የገመታችሁትን አትቀላቅሉ። የደረሰበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ። ፎቶ ወይም ቪዲዮ ካለ ዋናውን ፋይል ከነመሣሪያው አስቀምጡ፤ በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ የተላከ ቅጂ ብዙ ጊዜ ይጨመቃል፣ የተነሣበትን ሰዓትና ቦታ የያዘው መረጃም ይጠፋል።